የመንገድ ዳር ፓርኪንግ መስመር ራሱ ሕግ አለው ወይ? ተቀጥቼ ነው

የማታ ሹፌር
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ መኪናዬን መንገድ ዳር ከተሰመሩት ማቆሚያዎች በአንዱ አቆምኩ። ዝናብ ነበር፤ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በስልኬ መብራት ነው የፈለግኩት። ጠዋት ስመለስ መስታወቴ ላይ የቅጣት ወረቀት አገኘሁ። ምክንያቱ «ከተሰመረው ቦታ ውጭ መቆም» ይላል።

የኋላ ጎማዬ መስመሩን አልፏል፣ አልክድም። ግን የኋላው መስመር ግማሹ ለቋል። ከፊቴ የነበረችው መኪናም ወደ እኔ ቦታ ገባ ብላ ነው የቆመችው። ገንዘቡስ ይሁን። ያናደደኝ ሕግ አክብሬ ልቁም ብዬ ዝናብ ላይ ስንከራተት ቆይቼ መቀጣቴ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ መስመሩን የሚያሰምረውስ አካል ሕግ አለበት? ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ቀለሙ፣ መታየቱ የተደነገገ ነው? ወይስ እነሱ እንዳሻቸው ያሰምራሉ፣ እኛ እንቀጣለን?

መስመር ቀቢ
እህቴ፣ ሥራዬ መንገድ ላይ መስመር ማስመር ነው። ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ እነሱም ሕግ አለባቸው።

ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። አካሄዱ ግን በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው። ቀለም ብቻውን ማንንም አያስቀጣም። ከቀለሙ በፊት የተጻፈ ትእዛዝ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ፣ ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ፣ ለእነዚህ መኪናዎች፣ በእነዚህ ሰዓቶች ማቆም ይፈቀዳል የሚል፣ ሥልጣን ያለው አካል ያጸደቀው ወረቀት ማለት ነው። ከዚያ ሰሌዳው ይተከላል። እኔም ማሽኔን ይዤ እመጣለሁ። የምቀባው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ፣ ሰሌዳውና ቀለሙ አንድ ነገር መናገር አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ሌላ ነገር ካለ ቅጣቱ መነጋገሪያ ይሆናል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ ዓለም አቀፍ መነሻ አለ። በፈረንጅ 1968 ቪየና ላይ የወጣው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት አለ። የመንገድ ላይ መስመር ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን ይላል። ማቆም የተፈቀደበትን ወይም የተገደበበትን ቦታ ለማሳየት ሰማያዊም ይፈቅዳል። መስመሩ በማያንሸራትት ነገር እንዲሠራ፣ ከአስፋልቱ በላይም ከ6 ሚሊሜትር በላይ እንዳይወጣ ይጠይቃል። ይቺ 6 ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች። ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ግን በዝናብ ቀን ምን ማለት እንደሆነች ያውቃታል።

ዝምታ 77
እኔም አንዴ እንደዚህ ተቀጥቻለሁ። ዝም ብዬ ከፈልኩ። ዛሬ ይሄን ሳነብ ቆጨኝ።

የይግባኝ ሰው
መስመር ቀቢ ያለው ትክክል ነው። እኔ ሰዎች የቅጣት ይግባኝ ሲያቀርቡ ጽሑፋቸውን አግዛለሁ። በዚህ ጉዳይ ብዙ የተጻፈበት የእንግሊዝ ሕግ ስለሆነ በእሱ ላስረዳ። ያላችሁበት አገር ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩ ግን ይመሳሰላል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እዚያ የምልክቱንና የመስመሩን መልክ የሚወስን አንድ ትልቅ ደንብ አለ። አሁን የሚሠራበት የ2016ቱ ነው። ሌላው በ1996 የወጣው የሥነ ሥርዓት ደንብ ነው። እሱ ደግሞ ትእዛዝ ያወጣ ማዘጋጃ ቤት አሽከርካሪው በቂ መረጃ እንዲያገኝ ምልክት ማድረግ አለበት ይላል። እዚያ ላይ አያቆምም። ትእዛዙ እስካለ ድረስ ምልክቱን መጠበቅም ግዴታው ነው። የማታ ሹፌር፣ ያንቺ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀብቶ መሄድ አይበቃም፤ ሲለቅ ማደስ አለባቸው።

ግን ቶሎ ደስ አይበልሽ። «መስመሩ ትንሽ ተበላሽቷል» ማለት ሁልጊዜ አያስመልጥም። ድሮ ግን ያስመልጥ ነበር። በ1971 እዚያው እንግሊዝ ዴቪስ በሂትሊ ላይ የሚባል ጉዳይ ነበር። የፓርኪንግ አልነበረም፤ መሀል መንገድ ላይ ያለውን ያልተቆራረጠ ነጭ መስመር ስለማለፍ ነበር። መስመሩ ደንቡ ባዘዘው መልክ አልተሠራም ነበር። ትርጉሙ ለማንም ሹፌር ግልጽ ቢሆንም ጥፋት የለም ተባለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ሲከራከር ኖረ።

በ2011 ነገሩ ተለወጠ። ከሰንደርላንድ የመጣ የፓርኪንግ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። 39 የቅጣት ወረቀቶች ናቸው። ባለ መኪናው ማቆም በተገደበበት ቀጠና ውስጥ መስመሮቹ የተቆራረጡባቸውን፣ ጫፋቸውን የሚዘጋው አጭር መስመር የጎደለባቸውን ቦታዎች እየነቀሰ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ግን ምልክቱ በዋናው ነገር ደንቡን ካሟላና አሽከርካሪውን ካላሳሳተ ትንንሽ ጉድለት ቅጣቱን አያፈርስም አለ።

እኔ በግሌ የ2011ዱ ሚዛን ይሻላል እላለሁ። ትልቁ ጥያቄ «አሳስቶሻል ወይ?» ነው። ጉድለቱ ካንቺ ጥፋት ጋር ካልተያያዘ ዋጋ የለውም። ከተያያዘ ግን ጠንካራ ነው። ያንቺ ተያያዥ ይመስለኛል፤ የተቀጣሽው መስመር አለፍሽ ተብለሽ ነው፣ የለቀቀውም ያው መስመር ነው።

ሰፊ በር
ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ልናገር፣ በቀና ልብ ስሙኝ።

እኔ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፤ መኪና እነዳለሁ። «ቀለሙ ለቋል፣ ስለዚህ አይመለከተኝም» የሚለው ክርክር መጨረሻው እኔ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ለአካል ጉዳተኛ የተለየ ማቆሚያ ላይ ቀለሙ ትንሽ ሲደበዝዝ ጤነኛ ሰው ገብቶ ይቆማል። ስጠይቀው «አላየሁም» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ በእርግጥ አላየም። አንዳንዱ ግን ሰሌዳው ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ነው እንደዚያ የሚለኝ።

የእኔ ቦታ ሰፊ የሆነው ለክብር አይደለም። በሩን እስከ መጨረሻው መክፈት አለብኝ። ዊልቸሩን አውጥቼ ከጎኔ መዘርጋት አለብኝ። ፈረንሳይ ለአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ቢያንስ 3.30 ሜትር ስፋት ታዛለች። እንግሊዝ መንገድ ዳር ትይዩ ለሚቆመው 6.6 ሜትር ርዝመት የሚባለው ከኋላ ዊልቸር ለሚያወርዱም ታስቦ ነው። አንድ ሰው ጎማውን 40 ሳንቲሜትር ሲያሳልፍ ለእሱ ምንም አይደለም። እኔ ግን ያን ቀን ከመኪናዬ ሳልወርድ እመለሳለሁ። ደርሶብኛል፣ አንዴም አይደለም።

ስለዚህ መስመሩ ይከበር ስል የምጮኸው ለማዘጋጃ ቤቱ አይደለም። የማታ ሹፌር፣ አንቺን ለመውቀስ አልጻፍኩም። መስመሩ ጎልቶ ይታይ ማለትሽ የእኔም ጥያቄ ነው። ከሁላችንም በላይ የደበዘዘ መስመር የሚጎዳው እኔን ነው።

የማታ ሹፌር
ሰፊ በር፣ አመሰግናለሁ። እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። ከእኔ በኋላ ያለው ቦታ የአካል ጉዳተኛ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። አልነበረም፤ ቢሆንም ግን።

ዛሬ ጠዋት ሜትር ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ። የቆምኩበት ቦታ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። መኪናዬ 4.70 ነው። ሌሎቹንም ለካናቸው፤ ስድስት ናቸው፣ ሁሉም 5 ሜትር አካባቢ ናቸው። ይሄ ልክ ነው ወይ?

መስመር ቀቢ
5 ሜትር? ለትይዩ ማቆሚያ?

እስኪ ላስረዳሽ። መኪናው ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሲቆም በሁለት መኪናዎች መሀል ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚገባው። ስለዚህ የቦታው ርዝመት ከመኪናው ርዝመት ጠቀም ያለ ትርፍ ይፈልጋል። ብዙ ቦታ 6 ሜትር አካባቢ ነው የሚታሰበው። አሜሪካኖቹ በትራፊክ ምልክት መመሪያቸው ሥዕል ላይ ለመሀለኛው ቦታ ከ22 እስከ 26 ጫማ ያሳያሉ፤ ወደ 6.7 እና 7.9 ሜትር ማለት ነው። ለጫፍ ቦታ 20 ጫማ ይበቃል፤ ጫፍ ላይ ያለው በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይገባል ወይም ይወጣል። 20 ጫማ የቆየ ቁጥር ነው። በፈረንጅ 1935 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የመጀመሪያው የፓርኪንግ ክፍያ መቁጠሪያ ሲተከልም መቁጠሪያዎቹ በ20 ጫማ ርቀት ነበር የቆሙት።

አንቺ 5 ሜትር ውስጥ 4.70 ሜትር መኪና አስገብተሻል። ትርፉ 30 ሳንቲሜትር ነው። ከፊትሽ ያለችው መኪና ትንሽ ወደ አንቺ ከገባች አለቀ፣ ማንም ሹፌር መስመር ሳያልፍ አይቆምም። ስድስቱም እኩል 5 ሜትር መሆናቸው ጠርጥር ጠርጥር ይለኛል። ስድስት በአምስት ሠላሳ ሜትር ነው። 30 ሜትር ደግሞ ለአምስት ቢካፈል ስንት ይሆናል?

ትእዛዙን ጠይቂ። ቅጂውን። ከነካርታው።

ጎማ
ከርእሱ ትንሽ ልውጣና ስለ ቀለም ልጠይቅ። ጣሊያን ሄጄ ሰማያዊ መስመር ውስጥ አቁሜ ተቀጣሁ። ሰማያዊ ማለት የተፈቀደ አይደል እንዴ?

የይግባኝ ሰው
የተፈቀደ ነው፣ ግን በክፍያ። ጣሊያን ውስጥ ነጭ መስመር በነፃ ነው፣ ሰማያዊ የሚከፈልበት ነው፣ ቢጫ ለተለየ ተጠቃሚ የተያዘ ነው። ስዊዘርላንድ ብትሄድ ደግሞ ሰማያዊው ሌላ ነው፤ የደረስክበትን ሰዓት የሚያሳይ ዲስክ መስታወትህ ላይ ታስቀምጣለህ። አሜሪካ የማቆሚያ ቦታ መስመር ነጭ መሆን አለበት፤ ለአካል ጉዳተኛ ሰማያዊ ሊጨመር ይችላል። ድንበር ስታልፍ ቀለሙን በአገርህ ልማድ አትተርጉመው፤ ከአጠገቡ ያለውን ሰሌዳ ፈልግ።

ዝምታ 77
እኔስ ማታ ስቆም ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ጠዋት «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ተተክሎ መኪናዬ ተነስቶ አገኘሁት። እሱስ እንዴት ይታያል?

የይግባኝ ሰው
ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው ምንም አላጠፋም። በእርግጥ መንገድ ሊጠገን፣ የቤት ዕቃ ሊጓጓዝ ይችላል፤ ጊዜያዊ ክልከላ ያስፈልጋል። ጥያቄው ከስንት ቀን በፊት መታወቅ አለበት የሚለው ነው። ጀርመን ላይ የፌዴራሉ አስተዳደር ፍርድ ቤት በግንቦት 2018 በፈረንጅ ወስኖበታል። ቀድሞ በትክክል የቆመን መኪና የማንሻ ወጪ ባለቤቱ እንዲከፍል ከተፈለገ ሰሌዳው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ መተከል አለበት፤ ወጪው ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚጠየቀው። ያንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ፈልግ። ሰሌዳው መቼ እንደተተከለ መዝገብ ይኖራል፤ እሱን ጠይቃቸው።

እናት በእግር
እኔ መኪና የለኝም፤ ልጆች ይዤ በእግሬ ነው የምሄደው። አንድ ነገር ጨምሩልኝ። ዜብራው ጥግ ድረስ ማቆሚያ ተሰምሮ አያለሁ። ቫን ይቆምበታል። ልጄ ከቫኑ ጀርባ ብቅ ስትል የሚመጣውን መኪና አታየውም፣ ሹፌሩም አያያትም። ቀለም ተቀብቶ እያየሁ «ሕገ ወጥ ነው» ልል ነው?

መስመር ቀቢ
ትያለሽ። ተቀባ ማለት ሕጋዊ ሆነ ማለት አይደለም። እንዲያውም ይሄ ከሁሉም በላይ ሊወራበት የሚገባ ነገር ነው።

ዜብራ አጠገብ የሚቆም መኪና የሚያደርሰው አደጋ እይታን መከለሉ ነው። ትልቅ ሰው በኮፈኑ በላይ ይታያል። ልጅ አይታይም። ለዚህ ነው ብዙ ሕጎች ከዜብራው በፊት ባዶ ቦታ የሚጠይቁት። ጀርመን ከዜብራ በፊት እስከ 5 ሜትር ድረስ መቆም ትከለክላለች። ፈረንሳይ በፈረንጅ 2019 በወጣ ሕግ ከእግረኛ መሻገሪያ በፊት ባሉት 5 ሜትር ውስጥ የመኪና ማቆሚያ እንዳይኖር አዘዘች፤ ነባሮቹም እስከ 2026 መጨረሻ መነሳት አለባቸው። ብስክሌት ግን ሊቆምበት ይችላል፣ ስለማይከልል። ካሊፎርኒያ 20 ጫማ ነው የምትለው፣ ወደ 6 ሜትር፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ያስቀጣል።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገርሽ። አስፋልት እንደ አዲስ ሲነጠፍ የድሮው መስመር ይጠፋል። ለቀቢው «እንደነበረው መልሰው» ይሉታል። እንደነበረው ማለት ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት እንደነበረው ነው። ስህተቱ አብሮ ይታደሳል። እኔ ካርታ ካልሰጡኝ አልቀባም ማለት የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሥራ ያሳጣኝ ጊዜም አለ። አይቆጨኝም።

ፎቶ አንሺ፣ ከዜብራው እስከ መጀመሪያው መስመር ያለውን ርቀት ለኪ፣ በጽሑፍ አስገቢ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

ሰፊ በር
እናት በእግር ያለችውን እደግፋለሁ። አንድ ልጨምር። የተገላቢጦሹም አለ፦ ቀለሙ ኖሮ ወረቀቱ የሌለበት። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ቦታ አካል ጉዳተኛ ደጃፍ ላይ ትእዛዝ ሳይወጣ የሚሰመር ማቆሚያ አለ። የጎረቤትን ቅንነት የሚጠይቅ ነው፤ ሌላ ሰው ቢቆምበት በእሱ ብቻ መቅጣት አይቻልም። ባለ ቦታው ይሄን የሚያውቀው ተቆጣጣሪ ጠርቶ «ምንም ማድረግ አልችልም» ሲባል ነው። ቦታ የተፈቀደላችሁ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ትእዛዙ ወጥቷል ወይ? ቀለሙን አይታችሁ አትርኩ።

ሳሮን የመሰለች
የማታ ሹፌር፣ ይግባኙን ጻፍሽው? ቀኑ እንዳያልፍብሽ።

የይግባኝ ሰው
አዎ፣ ቀኑ ዋናው ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻ ቀን አለ። ብዙ ሰው እውነት ይዞ በቀን ይሸነፋል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ንዴቱን አውጪው። «ጎማዬ መስመሩን ማለፉን አልክድም» ብለሽ ጀምሪ፤ የሚያነበው ሰው ያምንሻል። ከዚያ መስመሩ መልቀቁን፣ የቦታውን ርዝመት፣ የመኪናሽን ርዝመት ጻፊ። ፎቶው ሁለት ዓይነት ይሁን፦ አንዱ ሹፌር ተቀምጦ ከሚያይበት ከፍታ፣ ሌላው ሜትሩ መሬት ላይ ተዘርግቶ። በማታና በዝናብ የተነሳ ካለሽ የበለጠ ጥሩ። መስመር ሲቀባ በላዩ የሚበተኑት ጥቃቅን የመስታወት ዶቃዎች ናቸው ማታ የመኪና መብራት የሚመልሱት፤ እነሱ ሲያልቁ ቀን ላይ የሚታየው መስመር ማታ ይጠፋል። ተቆጣጣሪው ጠዋት አንስቶት ከሆነ የእሱ ፎቶ ያንቺን ማታ አያሳይም።

መጨረሻ ላይ የትእዛዙን ቅጂ ጠይቂ።

የማታ ሹፌር
ጽፌ አስገብቻለሁ። ልክ እንዳላችሁኝ። ስድስት ፎቶ አያይዣለሁ። መልስ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

የማታ ሹፌር
መልስ መጣ! ይቅርታ፣ አምስት ሳምንት ቆየሁ።

ቅጣቱ ተሰርዟል። ከዚያ በላይ የገረመኝ ግን የትእዛዙ ቅጂ ነው። መስመር ቀቢ፣ ሠላሳ ሜትር ለአምስት ብለኸኝ ነበር። ትእዛዙ በዚያ መንገድ ላይ የሚለው አምስት ማቆሚያ ነው፣ እያንዳንዱ 6 ሜትር። መሬት ላይ የተቀባው ስድስት ነው። ማን መቼ አንድ እንደጨመረ ደብዳቤው አይናገርም። መስመሩ በትእዛዙ መሠረት እንደገና ይቀባል ብለዋል።

ሰፊ በር፣ ያንተን ነገር አልረሳሁም። መልሼ ጻፍኩላቸው። ከአምስቱ አንዱ የጫፉ ቦታ ለአካል ጉዳተኛ እንዲሆን፣ ቀለም ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ ወጥቶለት እንዲሆን ጠየቅኩ። ሌሎች ሰባት የሰፈር ሰዎች ፈርመውበታል።

ሰፊ በር
እግዜር ይስጥሽ። የጫፉ ቦታ በየትኛው በኩል ነው? የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ዝቅ ያለበት በኩል ከሆነ ነው የሚጠቅመው። ካልሆነ ዊልቸሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

የማታ ሹፌር
ይሄን አላሰብኩም። ነገ ሄጄ አይቼ እጽፍልሃለሁ።